አዲሱ መጋዝ ዝም ሲል

መጋዙን ልንገዛ የሄድን ዕለት ፒካፑን የነዳሁት እኔ ነኝ። ባሌ ቶርስቲ ከጎኔ ቁጭ ብሎ መንገዱን ሙሉ ነዘነዘኝ። “ቀስ በይ፣ አጋዘን ይገባል።” “ያንን ጉድጓድ ሆን ብለሽ ነው?” “አንቺ ሴትዮ፣ መሪ ነው የያዝሽው እኮ፣ ድመት አይደለም!” ዕድሜውን ሙሉ ግንድ የጫነ መኪና በበረዶ ላይ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የምታክመው ሐኪም መንዳት ከከለከለችው ወዲህ ሌላ የሚነዳው ነገር ስላጣ እኔን ይነዳኛል።

“ሐኪሟ ያለችህን ልድገምልህ?” አልኩት።

“መኪና ነው ያለችው። መጋዝ የሚባል ቃል ከአፏ አልወጣም።”

“ስላልጠየቅናት ነዋ!”

“እንኳን አልጠየቅናት” አለና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ነገሩ የጀመረው በረዶው በቀለጠ ሰሞን ነው። ቶርስቲ ይጠፋል። ቁጭ ብሎም ሆነ ቆሞ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ ይጠፋል። ሹካውን ወደ አፉ ሊያደርስ ሲል እጁ አየር ላይ ይቀራል፤ ብጠራው አይሰማም፣ ባጨበጭብ አይሰማም። ከዚያ ይመለስና ካቆመበት ቃል ላይ ወሬውን ይቀጥላል። ሐኪሟ የሚጥል በሽታ ነው አለችን፣ የማይጥለው ዓይነት። ሲመጣበት አትንኩት፣ እስኪመለስ ጠብቁት ብላ መድኃኒት ሰጠችን። ምክሯን ከመስማቴ በፊት አንዴ ትከሻውን ይዤ ነቅንቄው ነበር፤ እጁ ጭምድድ ብሎ የያዘው ብርጭቆ መዳፉ ውስጥ ተሰባበረ።

ከሁሉም የከፋው ግን መጥፋቱን ራሱ አለማወቁ ነው። ለእሱ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ዓይን ጨፍኖ እንደ መግለጥ። “ሾርባው እስኪፈላ ጠፍተህ ነበር” ስለው “አጋነንሽ” ይለኛል። “እናትሽም እንዲሁ ነበረች።”

አሮጌው መጋዙም የሞተው በዚሁ ጣጣ ነው። የሞተር መጋዝ ባዶ ቤንዚን አይጠጣም፣ ዘይት ይቀላቀልለታል፤ ይኼን እኛ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ቶርስቲ ግን በበጋው ለሣር ማጨጃ የተቀመጠውን ባዶ ቤንዚን አንቆርቁሮበት ሞተሩ ነክሶ ቀረ። “ጀሪካኑን አንቺ ነሽ ያቀያየርሽው” ብሎ ጮኸብኝ። ጀሪካኖቹን ነክቼ አላውቅም። ፊቱ አመድ መስሎ ሳየው ግን መልሱን ዋጥኩት።

እንጨት ደግሞ ያስፈልጋል። እኛ ላይኛው ሚሺጋን ያለን ሰዎች በረዶው ከትልቁ ሐይቅ አንዴ ከመጣብን እስከ ሚያዝያ አይለቀንም። ምድጃችን የሚበላው እንጨት ነው፤ ግቢያችን ያለው የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ ሳውናውም እንደዚያው። መላ ጠፍቶ አይደለም። ለመቁረጥ ላልቻለ ሰው የቤተ ክርስቲያናችን ወንዶች ቅዳሜ ጠዋት መጋዛቸውን ይዘው ይመጣሉ። የሚመራቸው ሌስተር ነው፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ ወፍራም ሰውዬ። ቆርጠው፣ ፈልጠው፣ ከምረው፣ ፓስቲያቸውን፣ ሥጋና ድንች የተሞላ ቂጣቸውን፣ በልተው ይሄዳሉ። ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የሚመጡት ባሏ ለሞተባት፣ አልጋ ለያዘ፣ ከእንግዲህ ለማይነሳ ሰው ነው። ሌስተር ግቢህ ከገባ በኋላ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያናግርህ፤ ገና ስትታይ ወንበር ይስቡልሃል። ቶርስቲ ራሱ ስንት ዓመት ከእነሱ ጋር እየሄደ ለሌላው ሲቆርጥ ኖሯል። ከዚያ ሲመለስ የሚላትን ቃል የማውቃት እኔ ነኝ። ጫማውን እያወለቀ “አለቀለት” ይላል፣ ስለ ቤቱ ባለቤት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ሌስተርን ግቢው ያስገባል? እኔ ለምኜዋለሁ። ተቆጥቼዋለሁ። አልቅሼበታለሁም። “በቁሜ አታስቀብሪኝ” ነበር መልሱ። እኔ ደግሞ የፈለግሁት በቁሙ እንዲኖር ነበር፣ ሌላ ምንም አልፈለግሁም።

መጋዝ ሻጩ ኦኒ ከቶርስቲ ጋር ጫካ ውስጥ ያረጀ ጓደኛው ነው። ዛፍ እግሩን ከሰበረው በኋላ ነው ሱቅ የከፈተው። ገና ከበሩ ስንገባ “እንዴ! ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ” አለ።

“አንተን ሳልቀብር?” አለው ቶርስቲ። “ይልቅ መጋዝ አሳየኝ። የሴት ወይዘሮ አትክልት መከርከሚያውን አይደለም፣ መጋዝ።”

ኦኒ ከመደርደሪያ አንዱን አወረደለት። ቶርስቲ አነሳው፣ መዘነው፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዘነበለው፣ በአውራ ጣቱ ሰንሰለቱን ዳሰሰው። ጎብጦ የነበረው ወገቡ ቀና ሲል በዓይኔ አየሁት። ካገባሁት ጀምሮ የማውቀው ሰውዬ ተመልሶ መጣ፤ እንዴት ደስ እንዳለኝ፣ እንዴትም እንደፈራሁ ልነግራችሁ አልችልም።

ሞረድ ሊመርጥ ወደ ጓዳ ዞር ሲል የኦኒን እጅጌ ያዝኩ።

“አትሽጥለት። አልቋል በለው።”

“መደርደሪያው ሙሉ ነው እኮ፣ ሳይማ።”

“አትቀልድብኝ! ይጠፋል እያልኩህ ነው። ቆሞ ይጠፋል። መጋዝ ይዞ ቢጠፋስ?”

ኦኒ አቀርቅሮ የእግሩን ጫማ አየ። “እግሬ የተሰበረ ቀን በጀርባው አዝሎ ከጫካ ያወጣኝ እሱ ነው። እኔ አፌን ሞልቼ እሱን መጋዝ አልከለክለውም። ብከለክለውም ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ይኼን የሚያሳይሽ የለም። ነይ እዪ።” ከፊተኛው እጀታ በላይ ያለችውን መከለያ አሳየኝ። “ይቺ ፍሬኗ ናት። ወደ ፊት ገፋ ካደረግሻት ሞተሩ ቢያገሳ እንኳ ሰንሰለቱ አይዞርም። ድሮ የያዝናቸው መጋዞች ይኼ አልነበራቸውም። እሱ ይንቃታል፤ አንቺ እወቂያት።”

ከሱቁ ጀርባ የመሞከሪያ ግንድ አለ። ቶርስቲ አንዴ ሳብ አድርጎ አስነሳውና ከግንዱ ጫፍ ክብ ቁራጭ አወረደ፣ ከዳር እስከ ዳር አንድ ውፍረት ያላት። እዚያ የቆሙ ወንዶች አጨበጨቡ። ዞር ብሎ “አየሽ?” በሚል ዓይን አየኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል?

“ስማ” አለው ኦኒ። “አዲስ ሰንሰለት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ይላላል። ትንሽ ቁረጥና አቁም። ይቀዝቅዝ። አጥብቀው። ደግሞ ትንሽ ቁረጥ፣ ደግሞ አቁም። ከማጥፋትህ በፊት ሞተሩን ነዳጅ ሳትሰጠው በሚኒሞ ትንሽ ተወው፣ ይተንፍስ። እስኪገራ ድረስ አትሩጥበት።”

“ለእኔ ነው የምታስተምረው?”

“ለእሷ ነው” አለ ኦኒ፣ እኔን እያየ።

ያኔ ነው ክው ያልኩት። ትንሽ ቆርጦ ማቆም ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ለቆሙት ወንዶች አልገባቸውም፤ እኛ ሴቶች ነን የምናውቀው። እኛ አገር ባሏ ጫካ የሚውል ሴት ጆሮዋ ጓዳ አይውልም። እጇ ድንች ይልጣል፣ ጆሮዋ መጋዙ ዘንድ ነው። መጋዝ እንጨት ሲበላ ድምፁ ይወፍራል፣ ሲወጣ ይቀጥናል፣ ዛፍ ሊወድቅ ሲል ያቆምና ምድር ድም ትላለች። ከፍ ዝቅ እስካለ ድረስ ሰውየሽ ደህና ነው። ዝም ካለ ሥራሽን ታቆሚያለሽ። እናቴ አንድ ቀን ሊጥ እያቦካች መጋዙ ዝም አለባት፤ “ውሃ እየጠጣ ነው” አለችን፤ ትንሽ ቆየችና እጇን ሳትታጠብ ወጣች። አባቴን ያገኘችው ዛፍ ሥር ነው። እኔ ያደግሁት ያንን ዝምታ እየፈራሁ ነው። አሁን ደግሞ ሰውየው በየደቂቃው ዝም የሚል መጋዝ ገዛ።

በማግስቱ ጠዋት ልብሱን ሲለብስ በሩ ላይ ቆምኩበት።

“አብሬህ እሄዳለሁ።”

“አትሄጂም። ሰው አጠገቤ ቆሞ ቆርጬ አላውቅም፣ አንቺም ታውቂዋለሽ።”

“እንግዲያው ቃል ግባልኝ። የወደቀውን ብቻ ነው የምትቆርጠው። ያን የተንጠለጠለ ሜፕል አትነካውም።”

በመስከረሙ ነፋስ አንድ ትልቅ የሜፕል ዛፍ ከሥሩ ተነቅሎ አልወደቀም፤ ጫፉ አጠገቡ ባለ በርች ቅርንጫፍ ተይዞ አጋድሎ ቀርቷል። እንዲህ ያለውን ዛፍ ጫካ የሚውል ሰው ሁሉ ይፈራዋል። መቼ እንደሚለቅ፣ ወዴት እንደሚዞር አይታወቅም።

“አልነካውም” አለ።

“ደግሞ ሰንሰለት ልታጠብቅ ባቆምክ ቁጥር በመጥረቢያው ጀርባ ግንዱን አንዴ ምታልኝ። ልስማህ።”

“ቤተ ክርስቲያን ደውል ልሁንልሽ?”

“ቶርስቲ!”

“እሺ፣ እሺ። እመታለሁ።” ጉንጬን ሳም አድርጎኝ መጋዙን አንጠልጥሎ ከሳውናው ጀርባ ወዳለው ጫካችን ገባ። ሳውናው ስለሚከልለው ከጓዳ አይታየኝም፤ የሚደርሰኝ ድምፁ ብቻ ነው።

መስኮቱን ከፈትኩ። ብርዱ ገባ፣ ይግባ። ድንቹን አቀረብኩና ለፓስቲው መላጥ ጀመርኩ።

አዲሱ መጋዝ ተነሳ። ድምፁ እንግዳ ነው፤ የአሮጌው ያጓራ ነበር፣ ይኼ ያፏጫል። ቆረጠ፣ ወጣ። ቆረጠ፣ ወጣ። ከዚያ ዝም። ቢላዬን እንደያዝኩ ቆምኩ። ጓ! መጥረቢያው ግንዱን መታ። ተመስገን አልኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ተነሳ፣ ቆረጠ፣ ዝም አለ። ጓ! “ጎሽ የኔ ጌታ” አልኩ ለብቻዬ፣ እንደ እብድ።

በሦስተኛው ዝም አለና ምንም አልተከተለም።

አዳመጥኩ። አንድ ቁራ ጮኸ። ቧንቧው ተንጠባጠበ። አሁን ይመታል፣ አሁን ይመታል እያልኩ ጠበቅሁ። ከዚያ እግሬ አውጪኝ። የቤት ጫማዬን እንዳደረግሁ በጭቃው እየተንሸራተትኩ፣ በሳውናው ጎን ዞሬ ስደርስ ቶርስቲ ግንድ ላይ ቁጭ ብሎ በካቻቢቴ ሰንሰለቱን ያጠብቃል። ዘና ብሎ ያፏጫል እንኳ!

“መጥረቢያው የታለ?” ጮህኩበት።

ቀና አለ። ጫማዬን አየ፣ ጭቃውን አየ። “ረሳሁት” አለ፣ ሳቅ ሊል እየቃጣው።

“ረሳሁት? ነፍሴ ወጥታ ነው የመጣሁት! ሞተህ ነው የመሰለኝ!”

“አልሞትኩም። ሰንሰለት እያጠበቅኩ ነው። ኦኒ አጥብቅ አላለም? የሰማሽው አንቺ አይደለሽ?”

“ስትጠፋ አታውቅም እኮ! አይገባህም? አታውቀውም!”

መጋዙን አስቀመጠና ተነሳ። ሳቁ ጠፋ። “ሳይማ፣ ስሚኝ። ዓይኔን ጨፍኜ የምገልጣት ያህል ናት። አንቺ ግን እንደ አራስ ልጅ ትጠብቂኛለሽ። ስበላ ታዪኛለሽ፣ ስታጠብ በር ታንኳኪያለሽ። እዚህም ከመጣሽብኝ ምን ቀረኝ? ሌስተር መጋዙን ይዞ እዚህ ግቢ ውስጥ እየሳቀ ከሚቆርጥልኝ ሞቴን እመርጣለሁ።”

“እኔ ግን አልመርጥም!” አልኩት። እንባዬ መጣ። “አንተ ብትመርጥ እኔ አልመርጥም። አብሬህ የኖርኩት ልቀብርህ ነው?”

መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ከዚያ ጓንቱን አወለቀና እንባዬን በአውራ ጣቱ ጠረገው፤ ጣቱ ዘይት ዘይት ይላል። “እመታልሻለሁ። አልረሳም። አንቺ ግን ሁለተኛ እንዳትመጪ። ማዪልኝ።”

“አልምልም።”

“ካልማልሽ ዛሬውኑ ያን ሜፕል አወርደዋለሁ።” ግትር ነው፤ ያደርገዋል። ማልኩለት። ምን ላድርግ?

ወደ ጓዳ ተመለስኩ። እግሬን አደረቅሁ፣ ድንቼን ያዝኩ። መጋዙ ተነሳ፣ ቆረጠ፣ ዝም አለ፣ ጓ! ደህና። ደግሞ ተነሳ። በመስኮቱ በኩል አንድ ሁለት የበረዶ ብናኝ ሲገባ አየሁ። ሰማዩ ከሐይቁ በኩል ጠቁሯል። በረዶ ሲጀምር ይመጣል አልኩ፤ በረዶ ሲወርድ ቶርስቲ መጋዙን እንደማያስረጥበው አውቃለሁ፣ ይጠቀልለዋል፣ ይመጣል።

መጋዙ ቆረጠ። ረጅም ቆረጠ፣ ወፍራም ድምፅ፣ ትልቅ እንጨት የሚበላ ድምፅ። የወደቁት ግንዶች እንዲህ ወፍራም አይደሉም። ከዚያ ድምፁ ቀጠነና ወደ ሚኒሞ ወረደ። ቱፍ ቱፍ ቱፍ እያለ ቀረ።

ጠበቅሁ። ኦኒ ሞተሩ ይተንፍስ ብሏል፤ ከማጥፋቱ በፊት ይተወዋል፣ አሁን ያጠፋዋል። አላጠፋውም። ዝምታ ቢሆን አውቀው ነበር፤ ቁርጠት ቢሆን አውቀው ነበር። ይኼ ግን ሁለቱንም አይደለም። በሕይወት ያለ መጋዝ ነው፣ ሰው ይኑርበት አይኑርበት የማይናገር። አንድ ድንች ላጥኩ። ሁለተኛ አነሳሁ። ምያለሁ እኮ። አሁን ብሄድና ቁጭ ብሎ ሰንሰለት ሲነካካ ባገኘው በዚያ ሜፕል ላይ እልኩን ሊወጣ ነው፤ እኔው ልገድለው ነው። ድስቱን ሞልቼ ላጥኩት። ጨው ጨመርኩ፣ ሥጋውን ከተፍኩ፣ ምን እንደምሠራ ሳላውቅ ሁሉንም ጨረስኩ። ቱፍ ቱፍ ቱፍ። በረዶው በረታ፤ የሳውናው ጣራ ነጣ፣ ከአምና የተረፈው ፍልጥ ነጣ። ቶርስቲ በዚህ በረዶ መጋዝ ያስረጥባል?

“መሐላው ገደል ይግባ” አልኩና ወጣሁ።

አልሮጥኩም። አስደንግጬው አንዳች ነገር እንዳይሆን ቀስ ብዬ በሳውናው ጎን ዞርኩ።

ቶርስቲ የተንጠለጠለው ሜፕል ሥር ቆሟል። ቃሉን በልቷል፤ ግንዱን ከግማሽ በላይ ቆርጦታል። መጋዙን አውጥቶ በሁለት እጁ እንደያዘ፣ ግንዱን ፊት ለፊት እያየ ቆሟል። አያየውም ግን። ባርኔጣው ላይ በረዶ፣ ትከሻው ላይ በረዶ፣ ክንዱ ላይ በረዶ። ቅንድቡ ላይ እንኳ አለ። መጋዙ እጁ ውስጥ ቱፍ ቱፍ ይላል፤ ጣቱ ነዳጅ መስጫው ላይ ናት። ሰንሰለቱ ከግራ ጉልበቱ አጠገብ ነው።

ሜፕሉ ተንቋቋ። ከላይ ከበርቹ ቅርንጫፍ የልጥ ፍርፋሪ ረገፈ።

“ቶርስቲ” አልኩ፣ በሹክሹክታ። የለም። ልጠብቀው? ሐኪሟ ጠብቁት ብላለች። ዛፉ ግን አይጠብቅም። ልሳበው? ብስበው እጁ ይጨመድዳል፤ ያ ጣት ነዳጁን ጨምቆ ከያዘ ያ ሰንሰለት ጉልበቱን ይበላዋል። የሞተው አባቴ መጣብኝ፤ እናቴ መጣችብኝ። ጌታ ሆይ፣ አሁን አይሁን፣ እያየሁት አይሁን አልኩ።

በጎኑ ገባሁ። ዛፉ ከአናቴ በላይ ነው፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። እጄን በክንዶቹ መሃል ሳልነካው ሰደድኩ፤ በረዶ ከእጅጌው ላይ ረገፈ። ያቺን መከለያ በመዳፌ አገኘኋት። ገፋኋት። አልሄደችም። እንደገና በኃይል ገፋኋት፣ ቀጭ አለች።

ያኔ ከኋላው ዞሬ ወገቡን አቀፍኩት። እጁ ጭምድድ! መጋዙ አገሳ፣ በሙሉ ድምፁ ጮኸ፣ ሰውነቴ ሁሉ አብሮት ተንቀጠቀጠ። ሰንሰለቱ ግን አልዞረም። ኦኒ፣ ዕድሜ ይስጥህ! ጆሮዬ እየደነቆረ ወደ ኋላ ሳብኩት። እግሩ ታዘዘኝ፤ ድሮ በበጋው ጭፈራ እንደምንደንሰው አንድ እርምጃ፣ ደግሞ አንድ እርምጃ፣ ጀርባው ደረቴ ላይ ተደግፎ ወደ ኋላ ሄደ። ሥር አደናቀፈኝ፣ አልወደቅሁም። ከሜፕሉ ጥላ ወጥተን፣ ከሳውናው ግድግዳ ጋር እስክንጋጭ አለቀቅሁትም። እዚያ ስንደርስ ጣቱ ላላች። መጋዙ ወደ ቱፍ ቱፉ ተመለሰ።

ዛፉ አልወደቀም። ያው እንዳጋደለ፣ እየተንቋቋ ተንጠልጥሎ ቀረ።

ቶርስቲ ትከሻው ነዘር አለ። ተመለሰ። ዞሮ አየኝና ፊቱ ጠቆረ።

“ምን ልትሠሪ መጣሽ? አሁን አይደለም እንዴ የማልሽልኝ?”

ፍሬኗ አሁንም እንደተገፋች መሆኗን አየሁ።

“አውቃለሁ፣ ሜፕሉን አትንካ ብለሻል። ትንሽ ነው የቀረችው፣ ከዚህ በኩል አንዴ ብነካው ...” እጁን ሊዘረጋ ሲል ቆመ። ግንዱ አጠገቡ የለም። ግንዱ ወዲያ ነው፣ እሱ ሳውናው ጋ ነው። ግንዱን አየ፣ እግሩን አየ። ከዚያ ክንዱን አየ። በረዶው እጅጌው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በነካሁት በኩል ብቻ ረግፏል። ባርኔጣውን አወለቀ። ከላዩ የተከመረው ተንሸራቶ ጫማው ላይ ወደቀ።

“በረዶ መቼ ጀመረ?” አለኝ።

ልዋሸው ፈለግሁ፤ በእግዜር ስም፣ ልዋሸው ፈለግሁ። “ቅድም” አልኩት። “ድንቹን ሁሉ ላጥኩ። ሥጋውን ከተፍኩ። ያን ጊዜ ሁሉ መጋዙ እንዲሁ ይሠራ ነበር።”

“አላየሁትም” አለ። “ሳይማ፣ አንዲቱንም ስትወርድ አላየሁም።”

ሣሩ ላይ የተኛው በረዶ የጫማ ዱካ ነበረበት፤ የእኔው ብቻ ወደ ውስጥ የገባ፣ ከዚያ የሁለታችን ተጎትቶ የወጣ። እሱ የቆመበት ቦታ ላይ ጥቁር መሬት ቀርቷል፣ የሁለት ጫማ ቅርጽ። ዓይኑ እዚያ ላይ ተተክሎ ቀረ። ቆይቶ መጋዙን አጠፋው።

“ለሌስተር ደውዪለት” አለኝ።

ያቺን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንት ለምኛለሁ። ስትመጣ ግን ልደበድበው ነው የቃጣኝ። “ተው እንጂ” አልኩ። “ይኼን ያህል እኮ ... ነገ እናየዋለን። መጀመሪያ ግባና ሙቅ።”

“የየራሳቸውን መጋዝ ይዘው ይምጡ። ይኼ ገና አልተገራም፣ ያበላሹታል። ሜፕሉን ደግሞ በገመድ ይሳቡት፣ ማንም ሥሩ እንዳይገባ ብለሽ ንገሪው።” ድምፁ የሥራ ድምፅ ነበር፣ ለሠራተኛ ትእዛዝ የሚሰጥበት።

“ነገ እደውላለሁ፣ እሺ?”

“ዛሬ!” ክንዴን ያዘኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን አብሬው ስኖር፣ ጓደኞቹን ከዛፍ ሥር ሲያወጣ፣ ልጃችንን ስንቀብር፣ ቀጥሎ የተናገራትን ቃል ከአፉ ሰምቻት አላውቅም። “ፈርቻለሁ፣ ሳይማ። ነገ ይለቀኛል፣ ነገ እምቢ እልሻለሁ፣ ራሴን አውቀዋለሁ። ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ደውዪ።”

ገባሁና ስልኩን አነሳሁ። ሌስተር “ሄሎ” ሲል ቶርስቲ በሩ ላይ በረዶውን ሳያራግፍ ቆሞ ያየኝ ነበር።